ፍሬን ሲረገጥ የምትንቀጠቀጠው መኪና

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ አያሌው፣
ንፋስ መውጫ።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? የኅዳር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? የጉና ንፋስ አጥንት ድረስ እንዴት እንደሚዘልቅ አልረሳሁትምና፣ ጋቢዎን ደርበው ይሆን ወይስ እንደ ልማድዎ በኮት ብቻ ማልደው ይወጡ ይሆን እያልኩ ጠዋት ጠዋት አስብዎታለሁ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ለመመለስ አሁንም ምርኩዝ ትይዛለች? ወንድሜ ቂርቆስስ ሰብሉን ሰብስቦ ጨረሰ? የእህቴ የሃረገወይን ልጆች አደጉ? ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ቀዬው ሁሉ ሰላም ነው? አንድ በአንድ ብጠይቅ ወረቀቱ አይበቃኝም፤ ሁላችሁንም በያላችሁበት ፈጣሪ በጤና ይጠብቅልኝ።

እኛ በእመቤታችን ቸርነት ደህና ነን። የአገር ቤቱ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅዎን ባለመስማቴ ሆዴ ባዶ ሆኖብኛል። የጎረቤታችን ልጅ ኢያሱ ለጉዳይ መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር፤ ሊመለስ መሆኑን ሲነግረኝ ይህን ደብዳቤ በእጁ ልላክልዎ ብዬ ተቀመጥኩ። ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበርና ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እየጠራረገ ሲያጥን ውሎ፣ እስካሁን ልብሴ ጭስ ጭስ ይላል። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርት ቤት የለም፤ ባለቤቴ ጋዲሳም ተኝቷል፤ ቤቱ ፀጥ ብሏል። የምነግርዎ ነገር አለኝና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ። ክፉ ወሬ አይደለም፤ ክፉ ሊሆን ሲል ያለፈ ነገር ነው።

የጋዲሳን እናት እማማ ደሪቱን ሰርጋችን ላይ አይተዋቸዋል፤ እርስዎን እጅዎን ይዘው ወደ ጭፈራው መሃል ያወጡዎት እሳቸው ናቸው። እነሱ እኮ የዚህ አገር የጥንት ገበሬዎች ናቸው። አሁን ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት የእነሱና የጎረቤቶቻቸው ማሳ ነበር። አንዳንድ ቀን በመስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው እያዩ፣ እዚያ ጋ ጤፍ ነበር፣ እዚያ ጋ ጓያ ነበር ይሉኛል፤ እንደ ቂም አይደለም፣ እንዲያው የሚያውቁትን ሰው ስም እንደመጥራት። ታዲያ ክረምት ላይ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገናውን በሚገባ ሠሩላቸው፤ ተመስገን ነው። ከዚያ በኋላ ግን እግራቸውን ለማለማመድ ሆስፒታል መመላለስ ግድ ሆነ። በሚኒባስ ተገፍቶና ተጋፍቶ መሄድ ለተሰበረ ዳሌ የሚሞከር አይደለም።

እንግዲህ መኪና የገዛነው ለዚህ ነው። አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ከአገር ሊወጣ ከነበረ ሰው ገዛናት። ቀለሟ ነጭ፣ ወንበሯ ንጹሕ፣ ማርሿ እንደ ቅቤ ነው። ጋዲሳ ኤርፖርት ጭነት ክፍል በፈረቃ ስለሚሠራ፣ እማማን የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ደግ ሴት ናቸው፤ የከሰዓት ክፍለ ጊዜዎቼን ወደ ጠዋት አዛወሩልኝ።

መኪናዋ መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረባትም። ቆየት ብላ ግን ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ መንቀጥቀጥ አመጣች። ስትሄድ ደህና ናት፤ ቦሌ መንገድ ላይ ስነዳት ድምጿ እንኳ አይሰማም። መብራት ይዞን ስንቆም ግን መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ መስተዋቱ ይርገበገባል፣ ሞተሩ እንደሚያስነጥስ ሰው እየተደናቀፈ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባውን ይለቅብኛል። እማማ ደሪቱ ከጎኔ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ለካ እያንዳንዱ መነቅነቅ ዳሌያቸው ውስጥ ይገባ ኖሯል።

ወሎ ሰፈር ምሩጽ የሚባል መካኒክ አለ፤ የጋዲሳ የሥራ ባልደረቦች ያመኑበት ሰው ነው። መኪናዋን ወሰድኩለት። እርስዎ የሚያውቁት ሙያ ስለሆነ ሳላሳጥር ልንገርዎት። ኮፈኑን ከፍቶ ኮምፒውተሩን ሰካና፣ እሳት እየሳተች ነው፣ ነዳጁ አንዳንዴ ሳይቀጣጠል ይቀራል አለኝ። የእርስዎ የጭነት አይሱዙ ናፍጣ ስለነበረች ካንዴላ አታውቅም፤ የእኛይቱ ቤንዚን ናትና መጀመሪያ ካንዴላዎቿን ቀየረላት። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጡትን ኮይሎች አንዱን ወዳንዱ ቦታ እያዛወረ ገጠማቸው፤ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ይዛወር እንደሆነ ለማየት ነው። አልተዛወረም። ነዳጅ የሚረጩትን ኖዝሎችም አውጥቶ አጠበ። ተሻላት ብሎ ሸኘኝ፤ እውነትም ጋራዡ ውስጥ የተሻላት ትመስላለች። ገና ቦሌ መንገድ ሳልወጣ መብራት ላይ ያው ሆነች።

ተመልሼ ስሄድ አልተቆጣም፣ አላመካኘም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንድ ነገር ነገረኝ። ኮምፒውተሩ አንዴ የመጀመሪያውን ሲሊንደር፣ አንዴ ደግሞ ሌላውን እንደሚከስና ይህ ነገር እንቅልፍ እንደነሳው አወራኝ። በሽታው የአንዱ ሲሊንደር ቢሆን ኖሮ እዚያው አንዱ ጋ ይገኝ ነበር፤ የሚዞር በሽታ የሁሉም በሽታ ነው አለ። ጥቂት ጊዜ ስጪኝ፣ ሳላውቀው የሞተር ብሎን አልፈታም ብሎ ሸኘኝ። ጎሮ ያለ ሌላ ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ ወርዶ ይከፈት አሉን። ጋዲሳ ይህን ሲሰማ ተስፋ ቆረጠና እንሽጣት ማለት ጀመረ። እኔ ግን እማማን በምን ላመላልሳቸው ነው እያልኩ እጨነቅ ነበር።

እንዲህ ባለንበት ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ብዙ ቆምን። እግሬ ዝሎ ስለነበር የእጅ ፍሬኑን ስቤ እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁና አሳረፍኩት። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መልሼ ረገጥኩ፣ ሄድን፣ እንደገና ቆምን። ያኔ እማማ ደሪቱ ክንዴን ነካ አድርገው፣

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ስትረግጫት ነው የምትታመመው» አሉኝ።

ምን ማለትዎ ነው ብላቸው፣ ቅድም እግሬን ሳነሳ ዳሌያቸው እንዳረፈ፣ መልሼ ፍሬን ስይዝ እንደጀመራቸው ነገሩኝ። ዛሬ ብቻ አይደለም፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው አሉ። እኔ ሳቅ አልኩ አባዬ። ሞተር ሌላ ፍሬን ሌላ፣ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ በልቤ አሰብኩ። ለምሩጽ እነግረዋለሁ አልኳቸውና ወሬ ቀየርኩ።

ጎሮን አልፈን ወደ ሰፈራችን ስንቃረብ ወደ ወንዙ ድልድይ የሚወርድ ቁልቁለት አለ። ረጅም አይደለም፣ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ግርጌው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሕዝብ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ቆሟል፤ ባጃጆች ደግሞ መሃል ላይ ይዞራሉ። እንደ ወትሮዬ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ቆመ። ደግሜ ረገጥኩ፤ እንደ ግድግዳ ነው። መኪናዋ ትንሽ ገታ ብላ እንደገና ቁልቁል ትንደረደራለች።

አባዬ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንደተሰማኝ ልነግርዎ አልችልም። ከፊቴ ያሉትን ሰዎች ልብስ ቀለም እንኳ ዛሬ ድረስ አያለሁ፤ አንዲት ሴት ቢጫ ነጠላ መሳይ ሻርፕ ለብሳ ሕፃን አዝላለች። ያኔ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሠራ። ማርሹን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ጣልኩት፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋም ከኋላ እንደተያዘች ሁሉ ተገታች። በሁለት እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆምኩበት ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ አንደኛ አወረድኩና የእጅ ፍሬኑን ሳልነጥቅ፣ ቀስ እያልኩ፣ እየለመንኩ ሳብኩት። በቀኝ በኩል ለግንባታ የተከመረ አሸዋ ነበር፤ መሪውን ወደዚያው አዞርኩ። የፊት ጎማዋ አሸዋው ውስጥ ገብታ ቆመች። ከመንገደኞቹ አንዱንም አልነካሁም። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችንና ሕፃኗን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች፤ ምን እንዳለፋት እንኳ አላወቀችም።

እማማ ደሪቱ «ያ ዋቃ» ብለው አምላካቸውን በኦሮምኛ እየጠሩ እጄን ያዙት። አሸዋ ሲያወርዱ የነበሩት ሠራተኞች እየሮጡ መጥተው ደግፈው አወረዷቸው፤ አንዱ የራሱን የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፣ ሌላው ጥላ ያለበት ቦታ አዘጋጀላቸው። እግዜር ይስጣቸው፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ለምሩጽ ደወልኩና ፍሬኑ ጠጠረብኝ አልኩት። መኪናዋን እንዳትነኪያት፣ መጣሁ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ የሰው ሞተር ሳይክል ተውሶ ከተፍ አለ።

ከማንም በፊት ወደ እማማ ሄዶ ጤንነታቸውን ጠየቀ። እሳቸውም በኦሮምኛ የታጀበች አማርኛቸውን ሳይቆጥቡ፣ ለእኔ የነገሩኝን ሁሉ ነገሩት። እሱ እንደ እኔ አልሳቀም። እስኪጨርሱ አዳመጠና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው፤ ስትረግጠው ወዲያው ነው የሚያምዎት ወይስ ቆይቶ? ወዲያው ነው አሉት። ተነስቶ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ማርሹን ባዶ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ትንሽ ብቻ ትደናቀፋለች። ፍሬን ረገጠ፤ መንዘፍዘፍ ጀመረች። እግሩን አነሳ፤ ረጋች። እንደገና ረገጠ፤ እንደገና ተንዘፈዘፈች። እኔን ጠራና ጆሮዬን ከፔዳሉ አጠገብ እንዳደርግ ነገረኝ። እባብ እንደሚተነፍስ ያለ ፍስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። ከፔዳሉ ወዲያ ማዶ፣ ከሞተሩ በስተኋላ፣ ክብ ድስት የመሰለ ነገር አለ፤ ሰርቮ ይሉታል፤ ለእግራችን ጉልበት የሚጨምርልን እሱ ነው። ከእሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በጉጠት ጭምቅ አድርጎ ያዘው። አባዬ፣ ሞተሩ ወዲያውኑ መንዘፍዘፉን ተወ። ያ ሁሉ ማስነጠስ፣ ያ ሁሉ መደናቀፍ ቀርቶ እንደ አዲስ መኪና ረጋ ብሎ ይሠራ ጀመር። ምሩጽ ቱቦውን ለቀቀው፤ ተንቀጠቀጠ። ያዘው፤ ረጋ። ቀና ብሎ እማማን አያቸውና በእጁ ደረቱን ነክቶ ጎንበስ አለላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ በዚያ ቱቦ በኩል የሰርቮውንም አየር ይስባል፤ እግራችንን የሚያግዘው ጉልበት ከዚያ ነው የሚመጣው። የሰርቮው የውስጥ ጎማ ተቀዶ ኖሮ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሞተሩ ያልተመጠነ አየር ይጎርሳል። በፍጥነት ሲሄድ ብዙ ስለሚስብ ያቺ ትንሽ አየር አትታወቀውም፤ ቆሞ በትንሹ ሲተነፍስ ግን ታንቀዋለች። ለዚህ ነው እሳት የሚስተው፣ ለዚህም ነው በሽታው ከአንዱ ሲሊንደር ወደ አንዱ የሚዞረው። ቅዳዱ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ በዚያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ ለይቶለት ተበጠሰ። እኔ ለምን ጋራዥ ውስጥ አልታየም ብዬ ስጠይቀው፣ ምሩጽ ራሱን እየነቀነቀ፣

«ጋራዥ ውስጥ እኮ ማንም ፍሬን አይረግጥም» አለኝ። «የእጅ ፍሬን ይዘን ከኮፈኑ ሥር ነው የምናዳምጠው።»

መኪናዋን በክሬን አስጭኖ ወሰዳት። ያገለገለ ሰርቮ በየቦታው ሞልቷል፤ እሱ ግን ለፍሬን ያገለገለ አልገጥምም ብሎ አዲስ እስኪያገኝ አስጠበቀን። ከገጠመልን በኋላም ከእኔ ጋር ያንኑ ቁልቁለት ወጣን ወረድን፤ ስንቆምም ሰዓቴ እጄ ላይ ሲቆጥር እስክሰማ ድረስ ፀጥ አለች። እንግዲህ ያ መንቀጥቀጥ ሲያበሳጨን የከረመው ሊያስጠነቅቀን ኖሯል። ባትንቀጠቀጥ ኖሮ እማማም ባልተናገሩ፣ ምሩጽም ከካንዴላና ከኮይል አልፎ ባላየ ነበር። አሁን ስሄድም ስቆምም ተመስገን እላለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ስልኩ ከመቋረጡ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ አይሱዙዋን እንደሸጧት ነገሩኝ። ከዚያም፣ ዕድሜዬን መሪ ላይ ጨረስኩት፣ ለልጆቼ የሚተርፍ አንድ ነገር አልያዝኩም አሉኝ። ቃሉ ከበደኝና ዝም አልኩ። እርስዎም የደበረኝ መስሎዎት ስልኩን ለእማዬ አቀበሏት። ያኔ ያጣሁትን መልስ አሁን አግኝቼዋለሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎንዎ አስቀምጠውኝ ጭነት ሲያመላልሱ፣ እማዬ ሴት ልጅ በመኪና ምን ትሠራለች እያለች ስትቆጣ፣ እርስዎ ሳቅ ብለው የሚያልፏት ትዝ ይልዎታል? የጨጨሆን ቁልቁለት ስንወርድ እጄን በእጅዎ ይዘው ማርሹን ያስለውጡኝ ነበር። «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ» ይሉኝ ነበር። «መጀመሪያ ሞተሩን ለምኚው፣ ፍሬንን ለመጨረሻ አቆዪው።» የእጅ ፍሬን አይነጠቅም፣ ይለመናል ያሉኝም እርስዎ ነዎት። እዚህ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ ያስተማሩኝ ሰዎች መብራትና ምልክት አስተማሩኝ፤ ፔዳል ሲጠጥር ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረኝም። ያን ቀን ማርሽ የለወጠችው እጅ የእኔ ትምሰል እንጂ ልማዷ የእርስዎ ነው።

የዚያን ቀን ማታ እቤት ገብተን ለጋዲሳ ሁሉን ነገርነው። እንሽጣት ያለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አልደገመም። እማማ ደሪቱ፣ ማርሽ እንዲያ መጣል ማን አስተማረሽ ብለው ጠየቁኝ። አባቴ አልኳቸው። ጻፊላቸው ብለው ይህን አስያዙኝ፦ «እርስዎ እሩቅ ሆነው እኔን ከቁልቁለት አውርደውኛል። ልጅዎ ደህና ናት፤ እኔም በእግሬ መቆም ጀምሬያለሁ። ዋቃ ዕድሜዎን ያርዝም።» እውነታቸውን ነው፤ ከትናንት ወዲያ ያለ ምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ሄዱ። ቆመው የድሮ ማሳቸውን ሲያዩ እኔና ጋዲሳ ከኋላቸው እንባችንን ያዝን።

ሌላው ወሬዬ አጭር ነው። ኢያሱ ለእማዬ የጉልበት ቅባትና ሙቅ ካልሲ ይዟል፤ ቅባቱን ማታ ማታ ሃረገወይን ትሽላት። ለእርስዎ ሹራብ ልኬያለሁ፤ እባክዎ ለበዓል ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳያስቀምጡት። ቂርቆስ ያዘዘኝን መጽሐፍ አግኝቼለታለሁ፤ እሱም እዚያው ጥቅል ውስጥ አለ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ በየቀኑ ስሟን ሳልጠራ አልተኛም በሉልኝ። ቂርቆስን በርታ፣ አባዬን በሥራ አግዘው በሉልኝ። ሃረገወይንን ናፍቄያታለሁ፤ ልጆቿን ጉንጫቸውን አገላብጣ ትሳምልኝ። ባለቤቷን፣ የክርስትና እናቴን፣ ከጎናችን ያሉትን እነ ወርቅዬን፣ ደህና ነች ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ጋዲሳ በእጅጉ ሰላም ብሎዎታል፤ እማማ ደሪቱም እማዬን እንደ እህታቸው ሰላም ይሏታል።

የእርስዎን ሰላምታ ግን በወረቀት አልጨርሰውም። መንገዱ ደህና ሲሆን ይምጡልኝ። መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ። ቁልፉን እጅዎ ላይ አስቀምጬ እኔ ከጎንዎ እቀመጣለሁ፣ እማማ ከኋላ፤ እስከ ቤታችን ድረስ እርስዎ ይነዱናል። መንጃ ፈቃድዎን ይዘው መምጣት እንዳይረሱ።

ልጅዎ ማኅደር አያሌው
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.